ቤኒ ሱዌፍ፦ ግብፅን የሚያበራው ጋዝ

ስለ ግብፅ መብራት ሲነሳ ለብዙዎቻችን ቀድሞ ትዝ የሚለን የአስዋን ግድብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ልክ ነበርን፤ ያኔ የአገሪቱን ኤሌክትሪክ ግማሽ ያህሉን የሚሰጠው እሱ ነበር። 2,100 ሜጋዋት አቅሙ ዛሬም እንዳለ ነው። ሕዝቡ፣ ፋብሪካውና ከተማው ግን በዛ፤ አሁን ከአስዋን የሚገኘው ከጠቅላላው አንድ አሥረኛውን እንኳ አይሞላም። ካይሮን የሚያበራው በዋናነት የተፈጥሮ ጋዝ ነው።

ከጋዝ ማመንጫዎቹ ግዙፍ ከሆኑት አንዱ ከካይሮ በስተደቡብ፣ በቤኒ ሱዌፍ አውራጃ ይገኛል። አቅሙ 4,800 ሜጋዋት ነው፤ ከሕዳሴ ግድባችን 5,150 ሜጋዋት ብዙም አያንስም። ግብፅ እ.ኤ.አ. በ2015 ከጀርመኑ ሲመንስ ጋር ተዋውላ እኩል አቅም ያላቸው ሦስት ጣቢያዎችን አሠራች፤ ሌሎቹ ሁለቱ ቡሩሉስና አዲሱ የአስተዳደር ከተማ ላይ ናቸው። ሦስቱም በሐምሌ 2018 ተመረቁ።

አሠራሩን ቀረብ ብሎ ማየት ደስ ይላል። ከበረሃው የሚገባው አየር መጀመሪያ አቧራው በማጣሪያ ይለቀማል፤ ቀጥሎ ኮምፕረሰሩ አጥብቆ ይጨምቀዋል፤ ከዚያ ከጋዝ ጋር ተቀላቅሎ ይነዳል። የሚወጣው ግለት 1,500 ዲግሪ ገደማ ይደርሳል። የተርባይኑ ክንፎች የተሠሩበት ብረት ይህን ሙቀት ብቻውን አይችልም፤ ስለዚህ ላያቸው በሴራሚክ ይለበጣል፣ ውስጣቸው ተቦርቡሮም በደቃቅ ቀዳዳዎች ቀዝቃዛ አየር ይነፍስባቸዋል። ክንፎቹ በደቂቃ 3,000 ጊዜ ዘንጉን ያዞራሉ፤ ዘንጉ ጄኔሬተሩን ያዞራል። እንዲህ ዓይነት ተርባይን አንዱ ብቻውን 400 ሜጋዋት ይሰጣል። ቤኒ ሱዌፍ ስምንት አለው።

ነገር ግን የጣቢያው ትልቁ ብልሃት ከዚህ በኋላ ያለው ነው። ከተርባይኑ የሚወጣው ጭስ ገና 600 ዲግሪ ያህል ይፋጃል። በድሮው አሠራር ይህ ሁሉ ሙቀት በጭስ ማውጫው ወደ ሰማይ ይሄድ ነበር። እዚህ ግን ቦይለር ውስጥ ገብቶ ውሃ ያፈላል፣ እንፋሎቱም ሌላ ተርባይን ያዞራል። ሁለት የጋዝ ተርባይን ከአንድ የእንፋሎት ተርባይን ጋር ተጣምረው 1,200 ሜጋዋት ያወጣሉ፤ ቤኒ ሱዌፍ አራት እንዲህ ዓይነት ጥምረት አለው። ጋዝ ተርባይን ብቻውን ከነዳጁ ጉልበት 40 በመቶ ገደማውን ወደ ኤሌክትሪክ ሲለውጥ፣ ጥምሩ ከ60 በመቶ ያልፋል።

እንፋሎቱ ተመልሶ ውሃ እንዲሆን መቀዝቀዝ አለበት። ቤኒ ሱዌፍ ለዚህ የዓባይን ውሃ ይጠቀማል፤ ቡሩሉስ የሜዲትራኒያንን። አዲሱ የአስተዳደር ከተማ ግን በረሃ ላይ ነውና ሥራውን ግዙፍ ማራገቢያዎች በአየር ይሠሩታል።

ለመሆኑ አስዋንም፣ ሰፊው የቤንባን ፀሐይ ማመንጫም እያለ ጋዙ ለምን አስፈለገ? የአስዋን ውሃ የሚለቀቀው ከሁሉ በፊት የመስኖውን ፍላጎት እያየ ነው። ቤንባን ደግሞ ፀሐይ ስትጠልቅ ያቆማል፤ በበጋ ምሽት የካይሮ አየር ማቀዝቀዣዎች ግን ሥራ ላይ ናቸው። በዚያ ሰዓት ከፍ በል ሲሉት ከፍ፣ ዝቅ በል ሲሉት ዝቅ የሚል ኃይል ያስፈልጋል፤ ጋዝ ተርባይን ይህን በደቂቃዎች ያደርገዋል። አንድ ጣቢያ ድንገት ቢወድቅም፣ የሚሽከረከሩት ከባድ ዘንጎች የኤሌክትሪክ መረቡን ለጥቂት ሴኮንዶች ደግፈው ይይዙታል።

እዚህ ላይ ግን የግብፅን ታሪክ ሳያነሱ ማለፍ አይቻልም። በ2014 በጋ መብራት እየጠፋ ሕዝቡ ተማረረ፤ ጣቢያዎቹ አርጅተው ነበር፣ ጋዙም አንሶ ነበር። አዲሶቹ ጣቢያዎች ተተከሉ። በ2015 በሜዲትራኒያን ባሕር ወለል ሥር የተገኘው ግዙፉ የዞር ጋዝም በ2017 መጨረሻ መፍሰስ ጀመረ። በ2018 ከሚፈለገው በላይ የማመንጨት አቅም ተረፈ። በ2023 ሐምሌ ግን መብራትን በፈረቃ ማጥፋት ተመለሰ፤ ማሽኖቹ ደህና ሳሉ የዞር ምርት ቀንሶ ነበር። ግብፅ በመርከብ የሚመጣ ፈሳሽ ጋዝ በውድ ዋጋ መግዛት ግድ ሆነባት። በሰኔ 2025 ደግሞ በእስራኤልና በኢራን ጦርነት ምክንያት ከእስራኤል የሚመጣው ጋዝ ሲቋረጥ ለማዳበሪያ ፋብሪካዎች የሚሄደው ቆመ፤ ኤሌክትሪክ ጣቢያዎች ቅድሚያ ስለሚያገኙ ነው። እኔን ከሁሉ የሚያሳስበኝ ይህ ነው። ግዙፍ ጣቢያ በሦስት ዓመት ተሠርቶ ይመረቃል፤ ነዳጁ ግን በእያንዳንዱ ሰዓት መድረስ አለበት፤ ያ ደግሞ ከአገሪቱ ቁጥጥር ውጭ በሆኑ ብዙ ነገሮች ላይ ይንጠለጠላል።

ጋዝ ከድንጋይ ከሰል ግማሽ ያህል ካርቦን ነው የሚለቀው፤ ከቧንቧ የሚያፈተልከው ሜቴን ግን ይህን ብልጫ ይቀንሰዋል። ስለዚህ ቤንባን ቀን ላይ የሚያመነጨው ሁሉ ለምሽት የሚቆጠብ ጋዝ ነው። ምሽቱን ለባትሪ ለመስጠት የተጀመረ ሥራም አለ፤ በ2025 አስዋን አውራጃ ውስጥ የተተከለው ባትሪ 300 ሜጋዋት ሰዓት ይይዛል። ቤኒ ሱዌፍ በሙሉ አቅሙ ሲሠራ ያንን የሚያመነጨው አራት ደቂቃ ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ነው።