የሽቦና የካሜራ አገልጋዮች

በየዓመቱ የጥር ወር ሊፈጸም ጥቂት ቀናት ሲቀሩት፣ የአውሮፓ ብርድ ገና ሳይላላ፣ ከብዙ አገር የተውጣጡ የኮምፒውተር ባለሙያዎች በቤልጅየም ዋና ከተማ በብራስልስ፣ የብራስልስ ነፃ ዩኒቨርሲቲ በሚባለው ትምህርት ቤት በሶልቦሽ ግቢ ተሰብስበው ቅዳሜንና እሑድን በጉባኤ ያሳልፋሉ። ፎስደም የሚባለው ይህ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ2001 ከተጀመረ ወዲህ እያደገ ሄዶ፣ ዛሬ የታዳሚው ቁጥር ከ8000 እንደሚበልጥ ይገመታል፤ ይገመታል ማለታችንም ያለ ምክንያት አይደለም፤ በበሩ ላይ ዋጋ የሚቀበልም ሆነ ስም የሚመዘግብ ሰው ስለሌለ፣ የገባውን ሁሉ ቆጥሮ የሚያውቅ የለምና።

የጉባኤው ርእሰ ነገር ክፍት ምንጭ የተባለው ሶፍትዌር ነው፤ ይኸውም ደራሲው ጽፎ በጨረሰ ጊዜ ምስጢሩን የማይሸሽገው፣ ማንም አንብቦ የሚመረምረው፣ የጎደለውን ሞልቶ የሞላውንም ለሌላው የሚያካፍለው የኮምፒውተር ፕሮግራም ማለት ነው። ነገሩ ከእኛ የራቀ የሚመስለው አንባቢ ቢኖር፣ በእጁ የያዘው አንድሮይድ ስልክ ሊኑክስ በተባለ እንዲህ ባለ ፕሮግራም ላይ የቆመ መሆኑን፣ ዴቢያን የተባለው፣ በበጎ ፈቃደኞች ድካም የሚዘጋጀው የኮምፒውተር ሥርዓትም አቢሲኒካ የተሰኘውን የግእዝ ፊደል ቅርጽ ለሚሻው ሁሉ ያለ ዋጋ እንደሚያድል ያስታውስ።

ስለ እነዚህ ፕሮግራሞች ጸሐፊዎች ብዙ ተብሏል። እኔ ልናገርላቸው የምወደው ግን ጸሐፊዎቹ ተሰብስበው በሚመክሩበት ጊዜ ንግግሩ እንዲሰማ፣ ምስሉ እንዲታይ፣ ኢንተርኔቱም እንዳይቋረጥ የሚደክሙትን ነው። ደመወዝ የላቸውም፤ ሊሰሙት የመጡትንም ትምህርት ብዙ ጊዜ ሳይሰሙት ይመለሳሉ፤ ዳስ ጥለው፣ ወጥ ሠርተው፣ እንግዳ ሲያስተናግዱ የዋሉ የሠርግ ቤት ዘመዶች ሙሽሮቹን በወጉ ሳያዩ እንደሚመሽባቸው ያለ ነው።

የድካማቸው ምክንያት ከቦታው ይጀምራል። ዩኒቨርሲቲው የተሠራው ለተማሪዎች ትምህርት እንጂ ከሃያ በሚበልጡ አዳራሾች በአንድ ጊዜ የሚነገረውን ንግግር ለዓለም ሁሉ ለማስተላለፍ ስላልሆነ፣ አገልጋዮቹ ከዋዜማው ጀምሮ ገመድ ሲዘረጉ፣ ሰው እንዳያደናቅፍ ገመዱን ከወለሉ ጋር በፕላስተር ሲያጣብቁ፣ ካሜራና ማይክሮፎን ሲተክሉ ይውላሉ፤ እሑድ ማታ የመጨረሻው ተናጋሪ ከመድረክ እንደ ወረደም ያንኑ ሁሉ ነቅለው፣ ጠቅልለው፣ ሰኞ ለሚገቡት ተማሪዎች ክፍሉን እንደ ነበረ ይመልሳሉ። በየአዳራሹ የሚቀመጡትን የቪዲዮ ሣጥኖች ያሰናዱት ራሳቸው ናቸው፤ አንደኛው ሣጥን ከተናጋሪው ላፕቶፕ ወደ ፕሮጀክተር የሚሄደውን ምስል ይቀበላል፣ ሁለተኛው ከካሜራው የሚመጣውን ይይዛል፤ ሁለቱም በገመድ ተገናኝተው ለተመልካቹ አንድ ሥዕል ይሆናሉ። ይህን በአንድ አዳራሽ መሥራት ለማንም የሚቻል ነው። ጭንቀቱ ያለው፣ በየሰዓቱ ተናጋሪው በሚለዋወጥበት፣ እያንዳንዱም ልዩ ዓይነት ላፕቶፕና ልዩ ዓይነት ገመድ ይዞ በሚመጣበት በዚያ ሁሉ አዳራሽ፣ ለልምምድ የሚሆን ሳምንት ሳይሰጥ፣ ቅዳሜ ጧት ሁሉም በአንድነት እንዲሠራ በማድረጉ ላይ ነው።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ እኔን የሚያስደንቀኝ የዋይፋዩ ታሪክ ነው። ከኢንተርኔት ጋር የሚገናኝ መሣሪያ ሁሉ ቁጥር ያስፈልገዋል፤ በቀድሞው ሥርዓት ሊታደሉ የሚችሉት ቁጥሮች 4.3 ቢሊዮን ያህል ብቻ ስለ ነበሩ፣ እ.ኤ.አ. በየካቲት 2011 በዓለም ማዕከላዊ ጎተራ የቀረው አልቆ ለየክፍለ ዓለሙ ተከፋፈለ። አዲሱ ሥርዓት፣ አይፒ ቪ6 የሚባለው፣ ቁጥሩ ተነግሮ የማያልቅ ቢሆንም፣ የፕሮግራም ጸሐፊዎች ግን አሮጌው እስከ ሠራላቸው ድረስ በአዲሱ ለመጻፍ ሲታክቱ ኖሩ። የፎስደም የኔትዎርክ አገልጋዮች ታዲያ እ.ኤ.አ. በ2014 አንድ ድፍረት ፈጸሙ፤ በጉባኤው ስም የሚጠራውን ዋናውን ዋይፋይ በአዲሱ ቁጥር ብቻ እንዲሠራ አደረጉት፣ ወደ አሮጌዎቹ ድረ ገጾች የሚሻገረውንም በመካከል እንደ አስተርጓሚ የሚቆም መሣሪያ እንዲያሳልፈው ሠሩ። ፕሮግራሙ አልሠራ ያለው እንግዳ ከነጭራሹ እንዳይቸገር፣ አሮጌውን ሥርዓት የያዘ ሌላ ዋይፋይ በሌላ ስም ተዘርግቶለታል፤ ነገር ግን ወደዚያ ለመሄድ አስቦና መርጦ መሄድ ነበረበት።

እንግዳን ጋብዞ በእንግዳው ላይ መፈተን ከመስተንግዶ ሥርዓት የወጣ ነው የሚል ቢኖር አልፈርድበትም። ዳሩ ግን እነዚህ እንግዶች ተራ እንግዶች አይደሉም፤ ጉድለቱ የሚገኝባቸውን ፕሮግራሞች የጻፉት እነርሱው ናቸው፣ ወይም ጸሐፊው በሚቀጥለው ወንበር ተቀምጧል። ስሕተቱን በገዛ ላፕቶፑ ላይ ያየ ሰው፣ የሌላ ሰው አቤቱታ በደብዳቤ ከደረሰው ይልቅ ፈጥኖ እንደሚያርም የታወቀ ነው። በደረቅ ስብከት ብዙ ዓመት ያልተገኘውን ነገር ገመድ የሚዘረጉት ሰዎች በሁለት ቀን ዋይፋይ ወደ ሰው ልብ አቀረቡት፤ እኔ በበኩሌ ጉባኤው ከሚያደርጋቸው ንግግሮች ብዙዎቹ ይህን ያህል ፍሬ እንዳፈሩ እጠራጠራለሁ።

የቪዲዮውም ነገር የራሱ የሆነ ሃይማኖት አለው። ከየገበያው የተገዛ ዝግ መሣሪያና ዝግ ፕሮግራም ቢጠቀሙ ድካማቸው በግማሽ ይቀል እንደ ነበረ አገልጋዮቹ ያውቁታል፤ ነገር ግን ስለ ነፃ ሶፍትዌር የሚነገረውን ንግግር ነፃ ባልሆነ ፕሮግራም ማስተላለፍ አሳፋሪ መስሎ ስለ ታያቸው፣ የጎደላቸውን ራሳቸው ጻፉት። የካሜራውንና የላፕቶፑን ምስል በቀጥታ የሚያዋህደው ቮክቶሚክስ የተባለው ፕሮግራም የተወለደው በጀርመን፣ እ.ኤ.አ. በ1981 በተመሠረተው ኬዮስ ኮምፒውተር ክለብ ዙሪያ ባሉ የቪዲዮ በጎ ፈቃደኞች እጅ ነው፤ ከዚያም የዴቢያን ማኅበርተኞች ለራሳቸው ጉባኤ ወሰዱት፣ ፎስደምም እንዲሁ። ከተቀዳ በኋላ ቪዲዮውን የሚያሰናዳው ኤስሪቪው የተባለው ፕሮግራም ደግሞ በአንድ የዴቢያን አባል ተጽፎ ሁለቱንም ጉባኤዎች ያገለግላል። አንዱ ማኅበር ለራሱ ችግር የፈጠረውን መድኃኒት ሌላው ያለ ምስጋናና ያለ ክፍያ ይወስዳል፤ ወስዶም ሲያሻሽለው ለባለቤቱ ይመልስለታል።

ዴቢያንን ካነሣን ዘንዳ፣ ዴብኮንፍ ስለሚባለው ዓመታዊ ጉባኤው ጥቂት እንጨምር። ጉባኤው እ.ኤ.አ. በ2000 በፈረንሳይ በቦርዶ ተጀምሮ በየዓመቱ ከአገር ወደ አገር ይዞራል፤ በ2016 በኬፕ ታውን ሲደረግ የአፍሪካን ምድር ለመጀመሪያ ጊዜ ረገጠ። በዚያ ጉባኤ ካሜራ የሚይዘው ከታዳሚዎቹ አንዱ ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት አጭር ሥልጠና ይሰጣል፤ ከዚያ በኋላ ፈቃደኛ የሆነ ሁሉ ተራውን መርጦ ይመዘገባል፤ አንዱ ካሜራውን ይመራል፣ አንዱ ድምፁን ያስተካክላል፣ አንዱ ለተመልካቹ የትኛው ምስል እንደሚታይ ይመርጣል፣ አንዱም ተናጋሪውን ለጉባኤው ካስተዋወቀ በኋላ ሰዓቱ ማለቁን የሚያመለክት ወረቀት ይዞ ከፊቱ ይቀመጣል። አንዲት መስመር ኮድ ጽፎ የማያውቅ ሰው በዚህ ሁሉ ሊያገለግል ይችላል። ከሁሉ የሚከብደው የድምፁ ሥራ ይመስለኛል፤ ምስሉ ቢደበዝዝ ተመልካች ይታገሣል፣ ድምፁ ከጠፋ ግን የሰዓቱ ንግግር በሙሉ ለሩቁ ሰው እንዳልተነገረ ይቆጠራል፤ ድምፁ በተስተካከለ ጊዜ ደግሞ አስተካካዩ በዚያ መኖሩን የሚያስታውስ የለም።

እንዲህ ያለ ጉባኤ በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ ስለሚደረግ፣ አምና የተማረው ሰው ዘንድሮ ባይመጣ ዕውቀቱ አብሮት ይቀራል። ስለዚህ የዴቢያን የቪዲዮ አገልጋዮች እያንዳንዱ ኮምፒውተር እንዴት እንደሚሰናዳ የሚናገረውን ትእዛዝ፣ አንሲብል በተባለ መሣሪያ አማካይነት ኮምፒውተሩ ራሱ አንብቦ እንዲፈጽመው አድርገው ጽፈው ለሁሉ ገልጠው አኑረዋል፤ ባዶ ላፕቶፕ ቀርቦለት በጥቂት ጊዜ ውስጥ የአዳራሽ ቪዲዮ ማዋሃጃ ይሆናል። በየአገሩ የሚደረጉት ንኡሳን የዴቢያን ስብሰባዎችም በዚሁ ይጠቀማሉ። ነገር ግን ያልተጻፈ ዕውቀት ዛሬም አለ፤ የተበላሸው ገመድ የትኛው እንደ ሆነ በዓይኑ ለይቶ የሚያውቅ ሰው ጥቂት ስለ ሆነ ሸክሙ በጥቂቶች ትከሻ ላይ ይበዛል፣ እነዚያ ጥቂቶችም ይደክማሉ። ይህን ለማቃለል ከሚታሰበው ሁሉ፣ አዲስ ሰው ከነባሩ ጎን ተቀምጦ እንዲሠራ ከማድረግ የሚሻል መንገድ አላየሁም።

እ.ኤ.አ. በ2021 ወረርሽኙ በሮችን ሁሉ በዘጋ ጊዜ ፎስደም በኢንተርኔት ብቻ ተደረገ፤ ንግግሮቹ አስቀድመው ተቀድተው ሲታዩ፣ ተናጋሪው ጥያቄውን በቀጥታ ይመልስ ነበር። ገመድ መዘርጋት ቀረ፤ የሰርቨሩ ጭንቀት ግን በእጥፍ መጣ።

ጉባኤው ቢበተንም የቪዲዮ አገልጋዮቹ አይበተኑም። ኤስሪቪው ለእያንዳንዱ ተናጋሪ የንግግሩን ቅጂ የሚያሳይ ደብዳቤ በኢሜይል ይልክለታል፤ ተናጋሪው መነሻውንና መድረሻውን ለይቶ፣ ድምፁ ትክክል መሆኑን አረጋግጦ ሲያጸድቅ፣ ቪዲዮው የባለቤቱን ስም እየጠቀሰ ለሚወስደው ሁሉ በነፃ ይወጣል። ትጉሁ ተናጋሪ በዚያው ቀን ያጸድቃል። ሌላው ደብዳቤውን ሳይከፍት ወደ አገሩ ይሄዳል፤ ሳምንታት ካለፉ በኋላም፣ ሥራውን ከጨረሰ በኋላ ማታ ላፕቶፑን የከፈተ አንድ በጎ ፈቃደኛ፣ ንግግሩን በተነገረበት ሰዓት ሳይሰማው የቀረው ያው አገልጋይ፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አዳምጦ ስለ እርሱ ያጸድቅለታል።