40 ደቂቃ፣ አንድ አቋም

ተፈታኙ ጥያቄውን ሲከፍት አንድ አጭር ሐሳብ ይጠብቀዋል፤ ለምሳሌ «የከተማ አስተዳደሮች መንገድ ከማስፋት ይልቅ ገንዘባቸውን ለሕዝብ ትራንስፖርት ማዋል አለባቸው» የሚል። ከሥሩ ደግሞ «በዚህ ሐሳብ ምን ያህል ይስማማሉ?» ይላል። ከዚያ ወዲያ ያለው ባዶ ገጽና 40 ደቂቃ ገደማ ነው። በዚህች ጊዜ ተጽፈው የሚያልቁት ጥቂት አንቀጾች የአንዱን የማስተርስ ትምህርት፣ የሌላዋን የነርስነት ምዝገባ፣ የሌላውን ቤተሰብ የስደት ማመልከቻ ሊያሳልፉ ወይም ሊያስቀሩ ይችላሉ።

ይህ አይልትስ የሚባለው የእንግሊዝኛ ቋንቋ ፈተና የጽሑፍ ክፍል ሁለተኛ ጥያቄ ነው፤ ተፈታኞች «ታስክ ቱ» ይሉታል። አይልትስ በ1989 እ.ኤ.አ. የተጀመረ ሲሆን ባለቤቶቹ ሦስት ናቸው፦ ብሪቲሽ ካውንስል፣ የአውስትራሊያው አይዲፒ እና የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ የኅትመትና የምዘና ተቋም። ፈተናው ማዳመጥን፣ ማንበብን፣ መጻፍንና መናገርን ለየብቻ ይመዝናል። ለጽሑፍ የተመደበው 60 ደቂቃ ነው። በመጀመሪያው ጥያቄ፣ ለትምህርት የሚፈተነው «አካዳሚክ» ተፈታኝ ግራፍ ወይም ሥዕላዊ መግለጫ ያብራራል፤ የ«ጄኔራል» ተፈታኝ ደግሞ ደብዳቤ ይጽፋል፤ ሁለቱም ቢያንስ 150 ቃላት ይጠበቅባቸዋል። ሁለተኛው ጥያቄ ግን ለሁለቱም ድርሰት ነው፤ ቢያንስ 250 ቃላት። ክብደቱም የመጀመሪያውን እጥፍ ነው። ሰዓቱን የሚከፋፍለው ራሱ ተፈታኙ ስለሆነ በግራፉ ላይ 35 ደቂቃ የፈጀ ሰው በትልቁ ጥያቄ ላይ መክሰሩ አይቀርም።

የአስተያየት ድርሰት ለእኛ እንግዳ አይደለም። በአማርኛ ክፍለ ጊዜ አመዛዛኝ ድርሰትን ከነመግቢያው፣ ከነአካሉና ከነመደምደሚያው ተምረናል። ከዚያም በፊት በላ ልበልሃ ነበር። በዚያ ሙግት ከሳሽ ከሳሽነቱን፣ ተከሳሽም ተከሳሽነቱን ይዞ ይቆማል፤ ነገሩን በምሳሌና በግጥም ያሳምራል እንጂ መሐል ላይ ወደ ባላጋራው ወገን አይሻገርም። ታስክ ቱ የሚፈልገው ይህንኑ ጽናት ነው፦ አቋምን ከመጀመሪያው አንቀጽ አስታውቆ እስከ መጨረሻው ይዞ መዝለቅ። የሚለየው በጌጡ ነው። አድማጭን ያስደምም የነበረው ዙሪያ ጥምጥም አነጋገር እዚህ ነጥብ አያስገኝም፤ እንዲያውም ፈታኙ ዋናውን ሐሳብ ፍለጋ እንዲባዝን ያደርገዋል።

ፈታኙ የአቋሙን ትክክለኛነት አይመዝንም። ሙሉ በሙሉ መስማማት፣ መቃወም፣ በከፊል መስማማትም ይቻላል፤ በከፊል የሚስማማ ሰው ግን የቱን ተቀብሎ የቱን እንደተወ በግልጽ መናገር አለበት። ነጥቡ የሚሰጠው በአራት መስፈርቶች ሲሆን እያንዳንዳቸው ሩብ ድርሻ አላቸው። የመጀመሪያው ለጥያቄው የተሰጠው ምላሽ ነው፤ የተጠየቀው ሁሉ ተመልሷል ወይ? አቋሙ ግልጽ ነው ወይ? ምክንያቱስ ተብራርቷል ወይ? ሁለተኛው የሐሳብ ፍሰትና ትስስር፣ ሦስተኛው የቃላት ሀብት፣ አራተኛው የሰዋስው ስፋትና ትክክለኛነት ነው። ውጤቱ ከ0 እስከ 9 ባለው፣ «ባንድ» በሚባል ደረጃ ይገለጻል፤ ግማሽ ነጥቦችም አሉ።

ጠቅላላ ውጤቱ የአራቱ ክፍሎች አማካይ ነው። በማዳመጥ 7፣ በማንበብ 6.5፣ በመናገር 6.5፣ በመጻፍ 5.5 ያገኘ ሰው አማካዩ 6.375 ስለሚሆን ተጠጋግቶ 6.5 ይያዝለታል። መልካም ውጤት ይመስላል። የሚያመለክትበት ዩኒቨርሲቲ «ከየትኛውም ክፍል ከ6 በታች አልቀበልም» ካለ ግን በጽሑፉ ብቻ ይመለሳል። ጽሑፍ ብዙዎችን እንደሚያስቸግር ተቋማትም ያውቃሉ። የብሪታንያ የነርሶችና የአዋላጆች ምክር ቤት ከአመልካቾች በማዳመጥ፣ በማንበብና በመናገር 7 ሲጠይቅ፣ ከ2018 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጀምሮ ለጽሑፍ 6.5 እንዲበቃ ወስኗል።

አሁን ወደ ትራንስፖርቱ ጥያቄ እንመለስና አንድ የአካል አንቀጽ እንሥራ። አቋማችን «እስማማለሁ» ነው እንበል። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ምክንያቱን ይናገራል፦ አውቶቡስ በጥቂት መኪኖች ቦታ ብዙ ሰው ያጓጉዛል። ሁለተኛው ያብራራዋል፦ መንገድ ሲሰፋ ተጨማሪ መኪና ስለሚስብ ብዙም ሳይቆይ መልሶ ይጨናነቃል፤ አውቶቡስ ሲጨመር ግን በዚያው መንገድ ላይ የሚያልፈው ሰው ይበዛል። ሦስተኛው ምሳሌ ያመጣል። ነገር በምሳሌ፣ ጠጅ በብርሌ ይባል የለ? የአዲስ አበባ ልጅ በሥራ መግቢያ ሰዓት በመገናኛ የሚያየውን የታክሲ ሰልፍ፣ ወይም በመስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረውን ቀላል ባቡር ማንሣት ይችላል። ጥያቄው ራሱ ከዕውቀትና ከገጠመኝ ምሳሌ እንዲጨመር ስለሚጋብዝ፣ «በጥናት እንደተረጋገጠው 78 በመቶ…» ብሎ ቁጥር መፍጠር አያስፈልግም። የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ምሳሌውን ከአቋሙ ጋር ያስራል። ብዙ ጊዜ የሚረሳው እሱ ነው፤ ምሳሌው ተነግሮ ለምን እንደተነገረ ሳይታወቅ አንቀጹ ያልቃል።

ትልቁ ወጥመድ ሽምደዳ ነው። ለፈተናው የሚዘጋጁ ወዳጆቼ የጻፉትን ሳነብ ለትምህርቱም፣ ለአካባቢ ጥበቃውም፣ ለወንጀሉም ጥያቄ አንድ ዓይነት መግቢያ አገኛለሁ፤ በየዓረፍተ ነገሩ ራስ ላይ «ፈርዘርሞር» እና «ሞርኦቨር» ተደርድረዋል። እነዚህ ልጆች ሰነፎች አይደሉም፤ ሌሊት ተቀምጠው ያጠኑት ነው፣ እሱም ያሳዝነኛል። ፈታኞች ግን የተሸመደደ መልስ እንዲለዩ ይሠለጥናሉ። ከጥያቄው ቃል በቃል የተገለበጠም እንደ ተፈታኙ ጽሑፍ አይቆጠርም። አገናኝ ቃል የሚረዳው በሐሳቦቹ መካከል ግንኙነት ካለ ነው፤ ከሌለ የሌለ ድልድይ ላይ የተሰቀለ ምልክት ሆኖ ይቀራል።

የአማርኛ ተናጋሪ ደግሞ የራሱ መሰናክሎች አሉት፤ ቀድሞ ላወቃቸው ግን ቀላል ናቸው። እኛ «ሄዶ፣ አይቶ፣ ጠይቆ ተመለሰ» እያልን ድርጊቶችን በአንድ ትንፋሽ እንቀጥላለን። ይህንኑ ይዘን እንግሊዝኛ ስንጽፍ በነጠላ ሰረዝ ብቻ የተንጠለጠለ ረጅም ዓረፍተ ነገር ይወጣል፤ በእንግሊዝኛ ይህ ስሕተት ነው። «ቤቱ» ስንል የታወቀ መሆኑን የሚያሳየው ምልክት ከስሙ ጋር ይለጠፋል፣ «ቤት» ስንል ምንም አንጨምርም፤ ስለዚህ «ኤ» የምትባለው ትንሽ ቃል ትረሳለች። «መረጃዎች» እና «ምክሮች» ማለት ስለለመድን «ኢንፎርሜሽን» እና «አድቫይስ» ላይ የማይገባውን የብዙ ቁጥር ምልክት እንጨምራለን። ፊደላችንም ትልቅና ትንሽ የሚባል ቅርጽ ስለሌለው በእንግሊዝኛ ትልቁን ፊደል እንረሳለን። ከእነዚህ የትኛው እንደሚደጋገምበት ለይቶ ያወቀ ሰው በመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች ምን እንደሚያርም ያውቃል።

ስለዚህ 40ው ደቂቃ እንዲህ ቢከፈል ይጠቅማል። የመጀመሪያዎቹ 5 ደቂቃዎች ለማሰብ ናቸው፦ አቋም፣ ሁለት ምክንያት፣ ለየምክንያቱ አንድ ምሳሌ። ብዙዎች ይህችን ጊዜ እንደ ብክነት ቆጥረው ወዲያው መጻፍ ይጀምራሉ፤ ሦስተኛው አንቀጽ ላይ ሲደርሱ የሚሉት ያልቅባቸዋል፣ አለዚያም ሳያውቁት ሐሳባቸውን ይቀይራሉ። ቀጣዮቹ 30 ደቂቃዎች ለመጻፍ፣ የቀሩት ለማረም ይሁኑ። በቤት ሲለማመዱም ሰዓት ይዞ መጻፍና የጻፉትን ሌላ ሰው እንዲያነበው መስጠት የተዘጋጁ መልሶችን ከማንበብ የበለጠ ያስተምራል። አንባቢው የእንግሊዝኛ መምህር ባይሆንም ይጠቅማል። «አቋሜ ምን ይመስልሃል?» ብሎ መጠየቅ ነው። ወዳጅ በአንድ ዓረፍተ ነገር መመለስ ካቃተው፣ ፈታኙም ያቅተዋል።

ጊዜው ሊያልቅ ሲል ደግሞ የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን አንቀጽ ብቻ ጎን ለጎን ማንበብ ይገባል። አንዱ የሚለውን ሌላው የሚያፈርስ ከሆነ ለማስተካከል ገና ደቂቃዎች አሉ። ሁለቱም አንድ ሰው፣ በአንድ ወገን ቆሞ፣ የተናገራቸው ከሆኑ ግን እስክሪብቶውን ማስቀመጥ ይቻላል።