ቁጥሩ ሳይሆን ሃይላንዱ፦ አሮጌ ሞተርና ቤንዚን በሆሳዕና

ሆሳዕና፣ ዱራሜ ወይም ሾኔ ላይ አንድ አሮጌ ሞተር ሳይክል ዳገት አልወጣ ሲል ጋራዥ ደጃፍ የተቀመጠው ሁሉ ፍርዱን ይሰጣል፤ «ቤንዚኑ ደካማ ነው»። ከደቡብ አፍሪካ የተመለሰ ሰው ካለ ደግሞ ነገሩ ይጠናከራል። እዚያ ማደያው 93 ወይስ 95 ብሎ ይጠይቃል፤ እዚህ ግን ቤንዚን ቤንዚን ነው፣ አማራጭ የለም።

ቁጥሩ ከፍ ካለ ጉልበቱም ከፍ ይላል የሚለው እምነት ከዚሁ ይመነጫል። ስህተት ነው። ቁጥሩ፣ ማለትም ኦክቴኑ፣ ጉልበት አይለካም። የሚለካው ነዳጁ ከአየር ጋር ተቀላቅሎ በፒስተን ሲታመቅ ያለጊዜው ላለመፈንዳት ያለውን ትዕግሥት ነው። ካንዴላው የለኮሰው እሳት ሳይደርስበት ቀሪው ድብልቅ በራሱ ሲፈነዳ፣ ቴስታው ውስጥ ብረት በመዶሻ እንደመቱ ያለ ኳኳታ ይሰማል። ይህን ድምፅ የማያሰማ ሞተር 95 ቢጠጣ የሚያተርፈው የለም። እንደ ሆንዳ ሲጂ 125 ያሉት የድሮ ሞተሮች ደግሞ ድብልቁን የሚያምቁት 9 እጥፍ ገደማ ብቻ ነው፤ የዛሬዎቹ የእሽቅድድም ሞተሮች 12 እና 13 ይደርሳሉ። ለአሮጌዎቹ ተራ ቤንዚን፣ ንጹሕ እስከሆነ ድረስ፣ ይበቃቸዋል።

የደቡብ አፍሪካው ምሳሌ ራሱ፣ በደንብ ላየው፣ የሚመሰክረው ለሆሳዕና ነው። 95 እንደ ደርባን ባሉ የወደብ ከተሞች ዋነኛው ቤንዚን ነው፤ 93 ደግሞ በጆሃንስበርግ ዙሪያ ያለው የደጋው አገር ነዳጅ ነው። ምክንያቱ ከፍታ ነው። አየሩ ሲሳሳ ሲሊንደር ውስጥ የሚገባው መጠን ስለሚቀንስ፣ ግፊቱም ሆነ የኳኳታው ስጋት አብሮ ይቀንሳል። ጆሃንስበርግ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ስትሆን ሆሳዕና ከ2,000 ሜትር በላይ ናት።

ታዲያ ሞተሩ ዳገት ላይ ለምን ይደክማል? በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት ከባሕር ወለሉ በሩብ ገደማ ያንሳል፤ ጉልበቱም አብሮ ይሄዳል። ለቆላ የተስተካከለ ካርቡሬተር ደግሞ ለሳሳው አየር የሚበዛ ቤንዚን ያፈስሳል። ካንዴላው ተፈትቶ ሲታይ ጥቀርሻ ለብሶ ጥቁር ከሆነ ጥፋቱ የማደያው አይደለም። በጥርጊያ መንገድ አቧራ የታፈነ የአየር ማጣሪያም ያንኑ ጥቀርሻ ያመጣል።

«የአውሮፕላን ነዳጅ ጠብ ቢደረግበት» የሚለውስ? የጄት ነዳጅ ከነጭ ጋዝ ወገን ነው፤ ኦክቴኑ ከማንኛውም ቤንዚን በብዙ ያንሳል። ጠብ ያደረገ ሰው ኳኳታውን በገንዘቡ ገዛ ማለት ነው።

ሌላው የቆየ ስጋት፣ አሮጌ ሞተር እርሳስ ያለበት ቤንዚን ካላገኘ ቫልቩ ይበላል የሚለው ነው። ለአንዳንድ ጥንታዊ ሞተሮች እውነትነት ነበረው። ነገር ግን ከሰሃራ በታች ያሉ አገሮች እርሳስ የተጨመረበትን ቤንዚን የተሰናበቱት በ2006 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው፤ ከዚያ ወዲህ ሲሠራ የኖረ ሞተር ዛሬ የሚፈራው ነገር የለም። እንደ ያማሃ ዲቲ 125 ያለው ባለ ሁለት ምት ሞተርማ የዚያ ዓይነት ቫልቭ ጭራሽ የለውም፤ እሱን የሚገድለው የዘይት እጥረት ነው።

እውነተኛው የኦክቴን ችግር ያለው ሃይላንዱ ውስጥ ነው። ማደያው ሲደርቅ መንገድ ዳር በውሃ ላስቲክ የሚሸጠው ቤንዚን ነጭ ጋዝ ከተደባለቀበት ኦክቴኑ ክፉኛ ይወርዳል፣ ጭሱ ይበዛል፣ ኳኳታው ይመጣል። መፈተኛው ቀላል ነው፤ ከእሳት ርቆ ነጭ ወረቀት ላይ ጥቂት ጠብታ ማንጠብጠብ። ንጹሕ ቤንዚን በደቂቃዎች ውስጥ ተንኖ ወረቀቱን እንደነበረ ይተወዋል፤ ነጭ ጋዝ ያለበት ግን ቅባታም ክብ ምልክት ያስቀራል። በአይን ቀለሙን አይቶ «ጥሩ ነው» ማለት ግን የሻጩን ቃል ከማመን አይሻልም።

ሁለት ሰውና አንድ ኩንታል ድንች ጭኖ ወደ አንጋጫ የሚወጣ ሞተር ኳ ኳ ማለት ከጀመረ፣ መጀመሪያ ማርሽ መቀነስ ነው፤ ሞተሩ በዝቅተኛ ዙር ሲጨነቅ ኳኳታው ይብሳል። ቀጥሎ የተጠረጠረውን ቤንዚን አፍስሶ ከማደያ መቅዳት። ካልጠፋ ቴስታው ይከፈትና በዓመታት የተጋገረው ካርቦን ይፋቃል፤ ካርቦኑ ቦታ ስለሚሻማ እመቃውን ከፋብሪካው ልክ በላይ ያደርሰዋል፣ ለተራው ቤንዚን የተሠራውን ሞተር ከፍ ያለ ኦክቴን የሚያስለምደውም ይኸው ነው።