ለቆጠበ እጅ ድርሻው ይሰጠው

ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር የሚወስደው አውራ ጎዳና ፍኖተ ሰላምንና ቡሬን አቋርጦ ያልፋል፤ ምግብና አልጋ የሚያቀርቡ ሆቴሎችም መንገዱን ተከትለው ይገኛሉ። ከጎዳናው ወጣ ብላ ደጋው ላይ ያለችው የፈረስ ቤት ከተማም እንግዳ ታሳድራለች። በእነዚህ ሆቴሎች የአካባቢ ጥበቃ ውድ መሣሪያ በመግዛት ወይም ግድግዳ ላይ ማሳሰቢያ በመለጠፍ አይጀመርም። ውሃው፣ ማገዶውና ቆሻሻው በየቀኑ የሚያልፉት በሠራተኛው እጅ ነው። በሰከንድ አንዴ የሚያንጠባጥብ ቧንቧ በቀን 20 ሊትር ያህል፣ ማለትም አንድ ሙሉ ጀሪካን ውሃ ያባክናል። ይህን ከባለቤቱ በፊት የምታየው ክፍሉን የምታጸዳው ሠራተኛ ናት። እንጨቱን የምትማግደው እንጀራ ጋጋሪ፣ ጀነሬተሩን የሚያጠፋው ጥበቃ፣ የሃይላንድ ጠርሙሱን የሚሰበስበው አስተናጋጅም እንዲሁ ናቸው።

ትእዛዝ ብቻውን ልማድ እንደማይለውጥ ከፌስታል የበለጠ ምስክር የለም። አዋጅ ቁጥር 513/1999 ከ0.03 ሚሊ ሜትር የቀጠነውን ከከለከለ በኋላም ፌስታል ከገበያ አልጠፋም፤ በ2017 ዓ.ም. ጠበቅ ያለ ሌላ እገዳ መጽደቅ ነበረበት። ሰው ይበልጥ የሚከተለው ሰውን ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመ የጎልድስታይን፣ የቻልዲኒና የግሪስኬቪሺየስ ጥናት፣ በአንድ የአሜሪካ ሆቴል ፎጣን ደግሞ ስለመጠቀም የተጻፉ መልእክቶችን አነጻጽሮ ነበር። ስለ አካባቢ ጥበቃ ብቻ የሚናገረው መልእክት 35 በመቶ ያህሉን እንግዳ ሲያሳምን፣ አብዛኛው እንግዳ እንደሚያደርገው የገለጸው 44 በመቶውን አሳምኗል። ጥናቱ የተደረገው በእንግዶች ላይ ቢሆንም ትምህርቱ ለሠራተኛም ይሆናል፤ አዲስ ተቀጣሪ የሚማረው ከተለጠፈው ወረቀት ይልቅ ኃላፊውና ነባሩ ባልደረባ ሲያደርጉ ከሚያየው ነው።

«ቁጠባ ንጽሕናን ይጎዳል» የሚሉ ባለቤቶች አሉ። ስጋቱ ተገቢ ነው፤ ስለዚህ ወሰኑ ግልጽ ይሁን፦ ለአዲስ እንግዳ አንሶላውም ፎጣውም ይታጠባል፤ እጥበቱ የሚታለፈው ያው እንግዳ ፈቅዶ ደግሞ ሲያድር ብቻ ነው። «ሠራተኛ ዛሬ አለ፣ ነገ የለም፤ ማሠልጠኑ ኪሳራ ነው» የሚለውም እውነትነት አለው። ነገር ግን ሠራተኛውን ከሚያሸሹት ነገሮች አንዱ ድካሙ ዋጋ ማጣቱ ነው። በአገራችን ለግል ድርጅቶች የተወሰነ ዝቅተኛ ደመወዝ የለም፤ በአነስተኛ ክፍያ የሚኖርን ሰው ያለ ድርሻ ተጨማሪ ጥንቃቄ መጠየቅ ፍትሕ አይደለም።

ስለዚህ ባለቤቱ የውሃ፣ የማገዶና የነዳጅ ወጪውን በየወሩ ለሠራተኞቹ ያሳይ፤ ከቀነሰው ላይ የታወቀ ድርሻ ይክፈላቸው። ቧንቧ የተበላሸበትን ክፍል የምታስታውቅ ሠራተኛም ባለሙያ የማስጠራት ሥልጣን ይኑራት። አካባቢን የመጠበቅ ግዴታ የሁላችንም ከሆነ፣ ጥቅሙም ከሚደክሙለት ሰዎች ኪስ ሊደርስ ይገባል።