ስለ ጓያ

በሰሜን ሸዋ ለሚ የምትባል ከተማ አለች። ከተማዪቱ ያለችበት አገር ደጋና ሜዳ ነው፤ በሜዳው ጫፍ የቆመ ሰው ግን የጀማ ወንዝ የሚወርድበትን ጥልቅ ቆላ ከእግሩ በታች ያያል። በዚያ ደጋ ያለው አፈር ጥቁር ነው፤ ዋልካ ይባላል። ዋልካ በክረምት ውኃ ጠጥቶ ይጨቀያል፥ የሰውንም የበሬንም እግር ይይዛል። በበጋ ደግሞ ደርቆ ይሰነጠቃል። ስለዚህ ብዙው እህል በክረምት ውኃ ይታፈናል፥ በበጋ ጥም ይጠወልጋል። ጓያ ግን ሁለቱንም ይችላል።

ጓያ የአተርና የሽምብራ ዘመድ ነው። ክረምት ሊወጣ ሲል ይዘራል፤ ከዚያ በኋላ ዝናብ ባይዘንብለት እንኳ በምድር ውስጥ በቀረው እርጥበት አድጎ ያፈራል። ብዙ እርሻና ብዙ አረም አይጠይቅም፤ ለመሬቱም ኃይል ይጨምርለታል። ዝናብ በቀረ ዓመት ጤፉና ስንዴው ሲጠፋ በማሳ ላይ ቆሞ የሚገኘው እርሱ ነው። በገበያም ዋጋው ርካሽ ስለ ሆነ ድኆች አብዝተው ይበሉታል።

ነገር ግን በዚህ ቸር እህል ውስጥ መርዝ አለ። ጓያን ከሌላ ምግብ ጋር አንዳንድ ጊዜ የበላ ሰው አይጎዳም። ሌላ እህል ጠፍቶበት ሁለትና ሦስት ወር ጓያን ዋና ምግቡ ያደረገ ሰው ግን ድንገት ጉልበቱ ይከዳዋል። እግሮቹ ይደርቃሉ፤ ሲራመድ ጉልበቶቹ እየተጋጩ በጣቶቹ ጫፍ ይረግጣል፤ ከዚያም በኋላ በምርኩዝ ይሄዳል፥ ወይም በእጁ ይድሃል። አእምሮው ጤነኛ ነው፥ ዕድሜውም አያጥርም፤ እግሩ ግን አይመለስም። መድኃኒት እስከ ዛሬ አልተገኘለትም። ይልቁንም ብዙ ጊዜ የሚያዙት ጎልማሶች፥ ማለት ቤተ ሰባቸውን በእርሻ የሚመግቡት ናቸው።

የአገር ሰዎች ጓያ ሰው እንደሚሰብር ከጥንት ያውቃሉ። አንዳንዶች በጓያ ማሳ ውስጥ ያለፈ፥ በገለባው ላይ የተኛ፥ ወይም ሲፈላ እንፋሎቱ የነካው ሰው ይሰበራል ይሉ ነበር። ይህ እውነት አይደለም፤ ቢሆንም ሰዎቹ ሞኞች አልነበሩም። ክፉው ነገር ከጓያ እንደሚመጣ በትክክል አይተዋል፤ የሳቱት በየት በኩል ወደ ሰውነት እንደሚገባ ነው።

ይህ መከራ በኢትዮጵያ ብቻ አልተወሰነም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት፥ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1942፥ ሩማንያውያን በዩክሬን ምድር በቫፕኒያርካ ብዙ አይሁድን አስረው ጓያ ይመግቧቸው ነበር። የብዙዎች እግር ደረቀ። ከእስረኞቹ መካከል አርቱር ኬስለር የሚባል ሐኪም ነበረ፤ የበሽታው ምክንያት ያ ምግብ እንደ ሆነ የለየው እርሱ ነው። በ1961 የህንድ መንግሥት ጓያ እንዳይሸጥ ከለከለ፤ ገበሬዎቹ ግን መዝራታቸውን አልተዉም፤ የተራበን ሰው ክልከላ አያጠግበውምና። በ1964 የህንድ ሊቃውንት መርዙን ራሱን ከፍሬው ለይተው አወጡት።

በ1990ዎቹ መጨረሻ በወሎ በደላንታ ብዙ ሰዎች በጓያ ተሰበሩ። ሐኪሙ ኃይለየሱስ ጌታሁንና ቤልጂጋዊው ሊቅ ፌርናን ላምባይን ከጓደኞቻቸው ጋር በዚያ የተጎዱትንና ያልተጎዱትን ሰዎች አመጋገብ መረመሩ። ጓያን እሸቱን ወይም ንፍሮውን የበሉ ይበልጥ ተጎድተው ነበር። ከጤፍ ወይም ከሌላ እህል ጋር ቀላቅለው የበሉ፥ ደግሞም ሽንኩርትና ዝንጅብል በገባበት ወጥ የበሉ ግን በጥቂቱ ተጎዱ። ምክሩ መልካም ነው። ነገር ግን የሚቀላቅለው ጤፍ ያለው ሰው መቼ ጓያ ብቻ ይበላ ነበር? ስለዚህ በረኃብ ጊዜ ለጓያ አገር የጤፍ፥ የስንዴ ወይም የበቆሎ እርዳታ ፈጥኖ እንዲደርስ ያስፈልጋል።

የእርሻ ሊቃውንት ደግሞ በሌላ መንገድ ይደክማሉ፤ ይኸውም ጥም የሚችለውን ጠባይ ሳያጠፉ መርዙን ከዘሩ ለመቀነስ ነው። ከየአገሩ የጓያ ዘር ይሰበስባሉ፤ መርዙ ያነሰውን መርጠው ከሌላው ጋር ያዳቅላሉ፤ ይዘሩታል፥ ፍሬውን ይመረምራሉ፥ እንደ ገና መርጠው ይዘራሉ። ይህ በየዓመቱ አንድ መከር ብቻ ስለሚያስገኝ ዓመታት ይፈጃል። ኢትዮጵያውያን ሊቃውንት በሶርያ በሐለብ አጠገብ ከነበረው ዓለም አቀፍ የምርምር ማዕከል ዘር ተቀብለው ዋሴ የተባለውን መርዙ ያነሰ ጓያ ለገበሬዎች አወጡ።

ሥራው ግን አላለቀም። ንብ ከጎረቤት ማሳ የአሮጌውን ጓያ ብናኝ ይዛ ወደ አዲሱ አበባ ብትመጣ፥ መርዙ በልጆቹ ተመልሶ ይገኛል። ደግሞም ጓያ ሲጠማ መርዙ ይበዛል፤ ማለት ሰው ከሁሉ ይልቅ በሚፈልገው በድርቅ ዓመት ከሁሉ ይልቅ ይከፋል። ዝናቡ እንደ ቀድሞው በወቅቱ በማይመጣበት በዛሬው ዘመን ይህ ነገር ሊቃውንቱን እጅግ ያሳስባቸዋል። እስከዚያው ድረስ ጓያን በሙቅ ውኃ ዘፍዝፎ ውኃውን መድፋት ከመርዙ አንዱን ክፍል ያስወግዳል።