በቤት የሚሠራ የኮምፖዚት ካታማራን፦ ጥንካሬው ከየት ይመጣል?



አንድ ሰው በግቢው መጠለያ ሥር ውቅያኖስ የሚያቋርጥ የሸራ ጀልባ መሥራት ይችላልን? ታሪክ «ይችላል» ይለናል። እንግሊዛዊው ጄምስ ዋራም በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. ርዝመቷ 8 ሜትር የማይሞላ «ታንጋሮዋ» የተሰኘች ካታማራን በገዛ እጁ ከእንጨት ሠርቶ፣ ከሁለት ሴት ባልደረቦቹ ጋር አትላንቲክን ተሻግሯል። በ1966 ደግሞ ዴሪክ ኬልሶል በፋይበርግላስና በፎም የሠራት ባለሦስት አካል ጀልባ «ቶሪያ» በብሪታንያ ዙሪያ የተደረገውን ውድድር አሸነፈች። ዛሬ በቤታቸው ጀልባ ከሚሠሩት ብዙዎቹ ይህንኑ ሁለተኛ መንገድ ይከተላሉ። እኔም የምመረምረው የዚህን ጀልባ የጥንካሬ ምንጭ ነው።

ካታማራን የሚለው ቃል ከታሚል ቋንቋ የመጣ ሲሆን ትርጉሙ «የታሰረ እንጨት» ነው። ሁለት ቀጫጭን አካላት ተራርቀው በአግዳሚዎች ይያያዛሉ። ጀልባዋን ከመገልበጥ የሚጠብቃት ስፋቷ እንጂ ከሥሯ የተሰካ ከባድ እርሳስ አይደለም፤ ስለዚህም ቀላል ልትሆን ትችላለች። ነገር ግን አንዱ አካል በማዕበል ሲነሣ ሌላው ሲወርድ አግዳሚዎቹ ይጠመዘዛሉ። እንግዲህ ቀላልነትና ግትርነት በአንድነት ያስፈልጋሉ።

ይህን የሚያስታርቀው ሳንድዊች የሚባለው አሠራር ነው። 1 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለውን የፋይበርግላስ ሰሌዳ ለሁለት ከፍለን በመካከሉ 1 ሳንቲ ሜትር ፎም እናስገባ እንበል። ግትርነት በውፍረቱ ኩብ ስለሚያድግ፣ ከ8 ላይ የፎሙን ድርሻ 1 ስንቀንስ 7 እጥፍ እናገኛለን። ፎሙን 3 ሳንቲ ሜትር ብናደርገው፣ ከ64 ላይ 27 ተቀንሶ 37 እጥፍ ይሆናል። የተጨመረው ክብደት ግን የፎሙና የማጣበቂያው ብቻ ነው።

ስሌቱ የቆመው ሦስቱ ንብርብሮች እንደ አንድ አካል ይሠራሉ በሚል እምነት ላይ ነው። ፎሙ ከተላቀቀ የሚቀሩት ሁለት ስስ ቅጠሎች ናቸው፤ የጋራ ግትርነታቸውም ከመጀመሪያው ሰሌዳ ሩብ ብቻ ይሆናል። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» እንላለን፤ እዚህ ድሩን የሚያስተባብረው ሙጫው ነው።

ብረት የሚገዛ ሰው ጥንካሬው በፋብሪካ የተመረመረ ቁስ ይገዛል። በኮምፖዚት ግን ቁሱና ቅርጹ በአንድ ሰዓት ይወለዳሉ፤ ጀልባ ሠሪው የቁስ አምራችም ይሆናል። ኢፖክሲና ማጠንከሪያው በታዘዘው መጠን መመዘን አለባቸው። ማጠንከሪያ ማብዛት አያፋጥነውም፤ ያልተዋሐደው ትርፍ በውስጡ ቀርቶ ያዳክመዋል። ንብርብሩን ለመጫን በቫኪዩም የምንጠቀም ከሆነም፣ በባሕር ወለል ላይ አየር በ1 ካሬ ሜትር 10 ቶን ያህል ሲጫን፣ በአዲስ አበባ ከፍታ የምናገኘው የዚህን ሦስት አራተኛ ገደማ ነው።

ከዓመታት በፊት ለማስተማሪያ የሚሆን ናሙና ሠርቼ ነበር። መልኩ ያማረ፣ ሲያንኳኩት ጠንካራ ነበር። ጥጉን በቢላዋ ባነሣው ግን የላይኛው ንብርብር እንደ ብርቱካን ልጣጭ ተነሣ። ምክንያቱን ፈልጌ ያገኘሁት በራሴ ሥራ ውስጥ ነው፤ ኢፖክሲው ሲደርቅ በላዩ የሚወጣውን ሰም መሰል ሽፋን በውኃ ሳላጥብ በማግሥቱ ደርቤበት ኖሯል። ዓይን ይህን ጉድለት አያይም፤ ማዕበል ግን ያገኘዋል። የተገለበጠች ካታማራን ደግሞ በራሷ አትቃናም።

ስለዚህ በቤት መሥራት የተከለከለ ነው አልልም፤ የፋብሪካው ጥንቃቄም አብሮ ወደ ቤት ይግባ እላለሁ። በየቀኑ የተቀላቀለውን መጠን፣ ሙቀቱንና ሰዓቱን መመዝገብ፣ ከእያንዳንዱ ቅልቅል ጥቂት ናሙና ማስቀረት፣ ከጀልባዋ በፊትም የሙከራ ሰሌዳ ሠርቶ መስበር ይገባል። በመሬት ላይ ሆን ብለን የምንሰብረው ሰሌዳ በባሕር ላይ የሰው ሕይወት ያተርፋል።