ስለ ማንኮራፋትና ስለ ርካሹ የአፍ መሣሪያ

ሰው ሲያንኮራፋ የሰማ ሁሉ «እንዴት ያለ ጣፋጭ እንቅልፍ ነው!» ማለቱ የተለመደ ነው። ነገር ግን ማንኮራፋት የጥሩ እንቅልፍ ምልክት አይደለም። ሰው በተኛ ጊዜ የጉሮሮው ጡንቻዎች ይላላሉ፤ ምላሱም ወደ ኋላ ይንሸራተታል፤ በዚህም ምክንያት የአየሩ መተላለፊያ ይጠባል። አየሩ በጠባቡ መንገድ ተጋፍቶ ሲያልፍ ለስላሳውን የላንቃ ክፍልና እንጥልን ያርገበግባቸዋል። የምንሰማው ድምፅ ይኸው ነው።

ይህን ድምፅ ለማስወገድ ሌሊት በጥርስ ተነክሶ የሚታደር የፕላስቲክ መሣሪያ አለ። መሣሪያው የታችኛውን መንገጭላ ጥቂት ወደ ፊት ስቦ ይይዛል፤ ምላስም መንገጭላን ተከትሎ ስለሚመጣ መተላለፊያው ይሰፋል። ዓይነቱም በተለይ ሁለት ነው። አንደኛው የጥርስ ሐኪም በልክ የሚሠራው ሲሆን ዋጋው ከፍ ያለ ነው፤ ሁለተኛው ግን በሙቅ ውሃ ከለሰለሰ በኋላ ባለቤቱ ራሱ ነክሶ ልኩን የሚያስይዘው ርካሹ ነው።

ታዲያ ርካሹ ይጠቅማልን? በእንግሊዝ አገር በፓፕወርዝ ሆስፒታል የተደረገውና በ2014 (እ.ኤ.አ.) የታተመው ምርመራ ለዚህ መልስ ይሰጣል። በእንቅልፍ ላይ ትንፋሻቸው በመጠኑ የሚቋረጥባቸው 90 ሕሙማን ልዩ ልዩ መሣሪያዎችን እየለዋወጡ እንዲሞክሩ ተደረገ። በርካሹ መሣሪያ የትንፋሹ መቋረጥና መዳከም በ26 ከመቶ፤ ሐኪም በልክ በሠራው ደግሞ በ36 ከመቶ ቀነሰ። ሕሙማኑ ከሁሉ ያልወደዱት ግን ርካሹን ነበር።

እንግዲህ ርካሹ መሣሪያ ዋጋ ቢስ አይደለም። ይሁን እንጂ ሒሳቡን እናስተውል፤ ትንፋሹ በሰዓት 20 ጊዜ ይቋረጥ ወይም ይዳከም የነበረ ሰው፤ በዚሁ መጠን ቢሻለው እንኳ ገና ወደ 15 ጊዜ ያህል ይቀርበታል። ድምፁ ጠፋ ማለት ሕመሙ ተወገደ ማለት አይደለም። ቤተ ሰቡ ጸጥታ ስላገኘ ደስ ሲለው፤ የተኛው ሰው ግን ሳይታወቀው ሌሊቱን ሙሉ ሊታፈን ይችላል።

ስለዚህ ገንዘብ ከማውጣት አስቀድሞ ምስክር መጥራት ይገባል። የሚያንኮራፋ ሰው ራሱን አይሰማምና የትዳር ጓደኛው ወይም ሌላ የቤት ሰው ሁለት ሦስት ሌሊት ነቅቶ ያዳምጠው። ማንኮራፋቱ በድንገት ጸጥ ብሎ፤ ትንፋሹ 10 ሴኮንድ ወይም ከዚያ በላይ ቆሞ፤ ከዚያም እንደ መታነቅ ብሎ የሚቀጥል ከሆነ፤ ወይም ቀን ቀን እንቅልፍ የሚጥለው፤ ጧት ራሱን የሚያመው፤ የደም ግፊትም ያለበት ከሆነ መሣሪያ በመግዛት ጊዜ ሳያጠፋ ወደ ሐኪም ይሂድ። ይህ ሰው መኪና የሚነዳ ከሆነማ አደጋው ለእርሱ ብቻ ሳይሆን ለተሳፋሪውና ለመንገደኛውም ነው።

እነዚህ ምልክቶች የሌሉበት ሰው ደግሞ ምንም ወጪ ከሌለው መፍትሔ ይጀምር። በጀርባ መተኛትን ትቶ በጎን ይተኛ፤ ለዚህም ጨርቅ ጠቅልሎ ከሌሊት ልብሱ ጀርባ ላይ መስፋት ይረዳል። ማታ ማታ ጠጅና አረቄ ከመጠጣት ይከልከል፤ ሲጋራን ይተው፤ ክብደቱ ከበዛም ይቀንስ።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ካልተሻለው መሣሪያውን መሞከር ይችላል። እኛም በውጭ አገር በትምህርት ላይ ሳለን አብሮን የሚያድር ጓደኛችን በማንኮራፋታችን ስለ ተማረረ አንዱን ገዝተን ነበር። ሆኖም መመሪያውን ሳናነብ በፈላ ውሃ ውስጥ ብዙ ስላቆየነው ተጨማዶ ከጥቅም ውጭ ሆነ፤ ገንዘባችንም በከንቱ ቀረ። አንባቢ እንዲህ ያለ ኪሣራ እንዳይደርስበት የሚከተለውን ይጠብቅ።

አንደኛ፤ የውሃውን ሙቀትና የሚቆይበትን ጊዜ መመሪያው እንዳዘዘው ብቻ ያድርግ፤ አፉንም እንዳያቃጥለው ጥቂት ያቀዝቅዘው።

ሁለተኛ፤ በሚነክስበት ጊዜ መንገጭላውን በጥቂቱ ብቻ ወደ ፊት ያውጣ፤ አብዝቶ መግፋት መገጣጠሚያውን ያሳምማል።

ሦስተኛ፤ ከመጀመሩ በፊት የአንድ ሳምንት፤ ከጀመረ በኋላም የሁለት ሳምንት ሌሊቶችን ምስክሩ በደብተር ይመዝግብ። ድምፁን ብቻ ሳይሆን የትንፋሹን መቆምና የቀኑንም ድካም ይጻፍ።

አራተኛ፤ በየጧቱ በቀዝቃዛ ውሃና በለስላሳ ሳሙና አጥቦ፤ አድርቆ፤ አየር በሚገባበት ዕቃ ያኑረው። ለሌላ ሰው ማዋስ ፈጽሞ አይገባም።

በመጀመሪያዎቹ ቀናት ምራቅ መብዛትና የመንገጭላ መደንዘዝ ያጋጥማል። ሕመሙ ከጸና ወይም የላይና የታች ጥርሶች እንደ ቀድሞው አልገጥም ካሉ መሣሪያውን መተውና የጥርስ ሐኪም ማማከር ያስፈልጋል። ጥርሱ የሚነቃነቅ፤ ድዱ የታመመ፤ ወይም የመንገጭላው መገጣጠሚያ የሚያመው ሰው ከመጀመሪያው አይሞክረው።

ለልጆችም የተሠራ አይደለም። ሁልጊዜ የሚያንኮራፋ ልጅ ብዙውን ጊዜ ቶንሲሉ ወይም ከአፍንጫው በስተኋላ ያለው ዕጢ ያበጠበት ነው። በክፍል ውስጥ የሚያንቀላፋ ወይም አልረጋ የሚል ተማሪ ሲያጋጥም፤ መምህሩ ሰነፍ ነው ብሎ ከመቅጣቱ በፊት ሌሊት እንዴት እንደሚተነፍስ ወላጆቹን ይጠይቅ ዘንድ እናሳስባለን።